በለቅሶ ዝም ያሰኙት ላፕቶፕ

ከቀብር ስመለስ ላፕቶፔ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ከፈትኩት። ማራገቢያው ዞረ፣ ኪቦርዱ ከጣቴ ሥር ሞቅ አለ፣ ድምፅ ግን የለም። ድምፁን የሚያስነሱትን ቁልፎች ደጋግሜ ተጫንኩ። ጆሮዬን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ። ምንም የለም። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ የማይናገር ኮምፒውተር ለኔ የተቆለፈ ሳጥን ማለት ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። በላዩ ላይ ስክሪን አንባቢ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የከፈትኩትን ገጽ፣ የጻፍኩትን ቃል፣ የተሳሳትኩትን ፊደል ሁሉ በድምፅ ይነግረኛል። አማርኛን እንደ ፈረንጅ ሰባኪ እየሰባበረ ነው የሚያነበው፤ ቢሆንም ለምጄዋለሁ። ፈተና የማወጣው በሱ ነው፣ ውጤት የምመዘግበው በሱ ነው፣ ማንንም «እባክህ አንብብልኝ» ሳልል የምውለው በሱ ነው።

ደግሞም ጊዜው ክፉ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሰኞ የክፍል ድልድል ሊያደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለኔ ለመስጠት ሲያቅማማ ከርሞ በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦ «የሞዴል ፈተናውን ያለ ሰው እርዳታ ራስዎ ያዘጋጁ። ሰኞ ጠዋት ታትሞ ካገኘሁት ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን እንዳይደክሙ ቀለል ያለ ሥራ እንፈልግልዎታለን።» ቀለል ያለ ሥራ የሚሉትን አውቀዋለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ነው። ደመወዙ አይቀነስም፤ ገቢ ወጪው ሰው ግን «ምስኪን» እያለ ያልፋል። ፈተናው ደግሞ ግማሹ ተጽፎ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር።

የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ባለሙያ ወደኔ ሲመጣ በጫማው አወቅኩት። ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ወጣት ነው፤ ሲራመድ ተረከዙን ይጎትታል። ሁላችንም «አይሲቲው» ነው የምንለው።

«የኔታ፣ ደህና ገቡ? እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ዓይኑ የማያይ ሰው ሁሉ የቅኔ መምህር ይመስላቸዋል። የኔታ አትበለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

እጁን ሲያፍተለትል ይሰማኛል።

«ለለቅሶው ብለን ነው» አለ።

የሞቱት የትምህርት ቤቱ አዛውንት ዘበኛ ናቸው። እኛ ከጅጋ ወዲያ እስካለው የትውልድ መንደራቸው ድረስ ሄደን ስንቀብራቸው፣ የቀሩት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ለቅሶ ደራሽ ሲቀበሉ ውለዋል። በኛ አገር ሰው ሞቶ ጎረቤት ሬዲዮ አይከፍትም። የተጠራ ሠርግ እንኳ ከበሮው ይቀራል። እኔ ደግሞ ላፕቶፑን እዚያው ክፍል ጥግ ላይ እንደተከፈተ ትቼው፣ ማዳመጫውን በኪሴ ይዤ ሄጃለሁ። ታዲያ እናቶች ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ፣ ያ ማሽን ከጥጉ ሆኖ በእንግሊዝኛ ባትሪዬ እያለቀ ነው ብሎ ጮኸ። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት እናት አማተቡ፤ ሌላዋ «ኧረ በስማም፣ ማነው?» አሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ደገመው።

«ድምፁን አትቀንሰውም ነበር?»

«ቀነስኩት። ቆይቶ ራሱ ጨመረ።»

«አትዘጋውም?»

«ያላስቀመጡት ጽሑፍ ይጠፋብዎታል ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ምን አደረግክ?»

«ድምፅ የሚሰጠውን ጥቅል ብቻ አነሳሁት።»

አስቡት። ጽሑፌ እንዳይጠፋብኝ ተጨንቆ ምላሴን ቆርጦ ጣለው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ ነው። ለምን አልደወልክልኝም ስለው፣ በቀብር መካከል መደወል ነውር ነው አለኝ። እሱም እውነቱን ነው፤ ነውር ነው። ይበልጥ ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነበር።

ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቅል ይባላል። አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ፣ ያም በሌላው ላይ ይቆማል። ጥቅሎቹን የሚያስገባና የሚያወጣ አንድ አስተዳዳሪ ፕሮግራም አለ፤ በጽሑፍ ታዘዋለህ፣ በጽሑፍ ይመልስልሃል። ጨዋ ነው። አንዱን ጥቅል አንሳ ብትለው ዝም ብሎ አያነሳም፤ በሱ ላይ የቆሙት እነዚህ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ ብሎ ስማቸውን ይዘረዝርና አዎ ወይስ አይ ብሎ ይጠይቅሃል።

«ጠይቆህ ነበር አይደል?»

«ብዙ ስም አወጣ። አዎ አልኩት።»

«ሳታነበው?»

«ሰው እያለቀሰ ነበርኮ የኔታ።»

ድምፁ ሲነሳ ስክሪን አንባቢው አብሮ ሄደ፤ ስክሪን አንባቢውን ተከትሎ ደጋፊዎቹ ሄዱ። በዚህ አላበቃም። ማሽኑ እነዚህ ደግሞ ከእንግዲህ የሚፈልጋቸው የለም ሲለው፣ ቦታ ላስለቅቅልዎ ብሎ እነሱንም ጠረጋቸው፤ መልሶ ለመጫን ማሽኑ ውስጥ የተቀመጡትን ቅጂዎቻቸውንም ሳይቀር። ኢንተርኔት ከተቋረጠብን ቆይቷል፤ ቢኖር ኖሮ በአንድ ትእዛዝ ይመለሱ ነበር። የሚያስፈልገው መጀመሪያ የተጫነበት ዲስክ ነው፤ እሱም ያለው ቡሬ፣ ኮምፒውተር የሚጠግነው የኮሌጅ ጓደኛዬ ዘንድ ነው።

«ነገ በጠዋት ሄጄ ስክሪን አንባቢውን ላምጣልዎ» አለ አይሲቲው።

«እሱን ብቻ?»

«የጠፋው እሱ አይደለም እንዴ?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ ዛሬ ሄደህ ነገ ልድገም የምትለው መንገድ አይደለም። አንዱን ይዞ መጥቶ ማሽኑ ሌላም ይጎድለኛል ቢል ሰኞ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ተቀመጥ አልኩት። የጥቅሎቹ ዝርዝር ራሱ ላፕቶፑ ውስጥ ስላለ፣ ማን በማን ላይ እንደሚቆም ለመጠየቅ ኢንተርኔት አያሻም። እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ያነባል።

ከዚያ ሰውዬ ዓይን መበደር ለኔ ሞት ነበር። ያንን ላፕቶፕ ያገኘሁት የሰው ዓይን ላለመለመን ነው። አሁን ግን ያጠፋብኝን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ «ምን ይላል?» እላለሁ፤ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ምሳ የበላው ሽሮ ሳይቀር ይሸተኛል። ትእዛዙን በቃሌ ስለማውቀው ጻፍኩት፦ ስክሪን አንባቢው የሚቆመው በምን በምን ላይ ነው? ኢንተር።

አይሲቲው ማንበብ ጀመረ። አምስት ስድስቱን አነበበና «እና ሌሎችም» አለ።

«ሌሎችም የሚባል ጥቅል የለም!» ጮህኩ። «እስከ መጨረሻው አንብብ!»

አነበበ። የግድ የሚያስፈልጉት አሉ፣ ቢኖሩ መልካም የሚባሉ አሉ፣ ካሻህ የሚባሉ አሉ፤ ማሽኑ ለይቶ ያስቀምጣል። እኔ የፈለግኩት የግዶቹን ነው። የግድ የሆነውን እያንዳንዱን ስም ደግሞ መልሼ ጠየቅኩ፦ አንተስ በምን ላይ ነው የቆምከው? አለ የተባለውን አለፍን፤ የለም የተባለውን ያዝን። ከዚያ የያዝነውን ደግሞ ጠየቅን።

አባቴ በመንደራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ቆጣሪ ነበር። ልጅቷና ልጁ እስከ ሰባተኛው ቅድመ አያት ድረስ ዘመድ እንዳይሆኑ በአባት በኩል፣ በእናት በኩል፣ በእናት አባት በኩል ይቆጥራል። ሽማግሌዎቹ ወጡ ቀዘቀዘ እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ «አራተኛው ላይ አቁመን ብንድር አምስተኛው ቤት ላይ ያለ ዝምድና ብቅ ለማለት አያፍርም» ይላቸው ነበር። እኔም ያን ዕለት አይሲቲውን እንደዚያ ነው ያስቆጠርኩት።

መሐል ላይ አንዱ ስም በቅንፍ ውስጥ ነው የተጻፈው አለኝ።

«እሱ ራሱ ጥቅል አይደለም፤ የሥራ መደብ ነው እንበለው» አልኩት። «ድምፅ ሰጪ የሚል ወንበር አለ፤ የሚቀመጥበት ሌላ ነው። ማን ሊቀመጥበት እንደሚችል እንጠይቃለን።»

«እኔ ብሄድ ኖሮ ዲስኩ ውስጥ ይሄን ስም ስፈልግ እውል ነበር።»

«አዎ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ግን ሳያጣድፈኝ ማንበቡን ቀጠለ፤ ስሞቹን ፊደል በፊደል፣ ሰረዙንና ቁጥሩን ሳይተው። ሲመሽ ሌላ የጎደለ አለ የማያሰኝ ዝርዝር ላይ ደረስን።

ርእሰ መምህሩ አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ስለኔ ሲናገር «ጥገኛ እንዳይሆኑ ነው የምናስበው» ብሎ ነበር። ያን ቀን ያ ንግግር ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። በዚያ ማሽን ውስጥ ከጥቂት መሠረቶች በቀር ብቻውን የቆመ ጥቅል የለም። ሁሉም የቆመበትን በግልጽ ተናግሮ ሥራውን ይሠራል። ርእሰ መምህሩ ራሱ ያለ ጸሐፊው አንዲት ደብዳቤ አያወጣም፤ እሱን ግን ጥገኛ ያለው የለም።

«ለርእሰ መምህሩ...» አለ አይሲቲው ሲነሳ። «እኔ እንዳነሳሁት ባይነግሯቸው... የሙከራ ጊዜዬ ገና ነው።»

ቃል አልገባሁለትም። እሱም መልሶ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። እሸኝዎታለሁ ቢለኝ አልፈለግኩም። ስሞቹን በቃሌ ይዣለሁ፤ ልጅ ሆኜ ሰከላ ውስጥ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ከዚያ የበለጠ በቃል ተምሬአለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ እንዳይጠፋኝ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በሹክሹክታ እደጋግመዋለሁ። ማንኩሳ ላይ የተሳፈሩ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙኝ።

«የኔታ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «ለኔም ይጸልዩልኝ። ልጄ ታሞብኛል።»

ልቆጣ ነበር። ጸሎት አይደለም፣ የኮምፒውተር ጥቅል ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ግን ክንዴን ይዘው አልለቅ አሉ። «ይማርልዎ» አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እሳቸው በየስሙ መጨረሻ «አሜን» ይላሉ። ቡሬ እስክንገባ ድረስ ስሞቹን ሁሉ አሜን አስባልኳቸው፤ ያፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ ዲስኩን ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አወጣው። ላፕቶፔ የዲስክ ማንበቢያ የለውም፤ የያዝኩትም ፍላሽ ትንሽ ስለሆነ ዲስኩን በሙሉ መገልበጥ አይቻልም። እኔ ስም እጠራለሁ፣ እሱ ይገለብጣል። ሊኑክሱ ከተጫነ ወዲህ ምንም ስላልታደሰ የዲስኩና የላፕቶፑ ጥቅሎች እኩል ዘመን ናቸው፣ ይገጥማሉ፤ ኢንተርኔት በመቋረጡ የተጠቀምኩት ነገር ቢኖር ይህች ብቻ ናት።

«ማን አጠፋብህ?» አለኝ ጓደኛዬ።

«አንድ ደግ ሰው» አልኩት።

«እነሱን ነው መፍራት» አለና የጥጃ ምላስ የሚያህል ዳቦ በእጄ አስያዘኝ። የአዊ ሰው ነው፤ ሳያበላ አይሸኝም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አይሲቲው ዕጣን ዕጣን የሚሸት ነጠላውን ሳያወልቅ መጣ። ፍላሹን ሰካሁ፤ ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ ፋይሎቹን እያነበበ ነው አለኝ አይሲቲው። ከዚያ እየፈታቸው ነው አለኝ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ጎደለ አይልም?»

«አይልም። ጨርሷል።»

የማስነሻ ቁልፎቹን ተጫንኩ። በመጀመሪያ አንድ ጠቅታ ተሰማ፤ ከዚያ ያ አስቀያሚ፣ በአፍንጫው የሚናገር ድምፅ «ተርሚናል» አለ። እንባዬ መጣ። አይሲቲው እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ግድግዳው በየት በኩል እንደሆነ ባውቅም እሱ በየት በኩል እንደቆመ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። የቀረውን ቀን ሁሉ ተቀምጬ ፈተናውን ጨረስኩት።

ሰኞ ጠዋት የታተመውን ፈተና ይዤ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። አይሲቲው ማተሚያው ወረቀት ይነክሳል ተብሎ ተጠርቶ ጥግ ላይ ሲጠግን ነበር። ርእሰ መምህሩ ወረቀቶቹን አገላበጠ።

«ጥሩ ነው» አለ። «በጣም ጥሩ ነው። ግን ማሽንዎ ሰሞኑን ዝም ብሎ ነበር ሲሉ ሰማሁ። የብሔራዊ ፈተና ሰሞን እንደዚያ ቢሆንስ? እኔ ለልጆቹ ነው የማስበው።»

ማን እንዳጠፋው ብናገር አይጠቅመኝም። «አያችሁ፣ ማንም ሊያጠፋበት ይችላል» ነው የሚለው። ርእሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ቀጭ አለ።

«መነጽርዎ የተሰበረ ሰሞን» አልኩት፣ «ቢሮውን ለማን ነበር ያስረከቡት?»

ማተሚያው ጋ የነበረው ኮሽታ ቆመ። መነጽሩ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ሰማሁ።

«እሺ» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ክፍሉ የእርስዎ ይሁን። ግን ለጥንቃቄ ያህል ይሄ ልጅ ክፍል ውስጥ አጠገብዎ ይቀመጥ። አንድ ነገር ቢፈጠር ይረዳዎታል።»

አርባ ተማሪ ፊት፣ በየክፍለ ጊዜው፣ ሞግዚት አጠገቤ ተቀምጦ። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን ለኔ ሳይሆን ለሱ ሊጠይቁ ነው። ወንበሩ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ወደ ክፍል መዞሩ ካልሆነ ልዩነት የለውም። እንቢ ልል አፌን ስከፍት ከጥጉ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ አልቀመጥም» አለ አይሲቲው።

«ምን አልክ?»

«ማሽናቸው በራሱ አልተበላሸም ጌታዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ሳልጠይቃቸው። ያስተካከሉት እሳቸው ናቸው። እስካሁን የተበላሸው እኔ አጠገቡ በሆንኩ ጊዜ ብቻ ነው።»

ርእሰ መምህሩ አይሲቲውን ስለ ሙከራ ጊዜው ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ አዘዘው፤ ለኔም የክፍል ድልድሉን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የኔ ነበር፤ ብቻዬን።

አብረን ወጣን። ከቢሮው በር እስከ ግቢው ሦስት ደረጃ አለ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚያ ስደርስ ክንዴን ጨብጦ እንደ ጆንያ ያወርደኛል። የአይሲቲው ነጠላ ጫማ ቆመ። እጁ ወደኔ መጥቶ ክንዴ ሳይደርስ እንደቀረ በንፋሱ አወቅኩ።

«ልያዝዎት» አለኝ፣ «ወይስ ይቅር?»

«ይቅር» አልኩት፣ ደረጃውንም ብቻዬን ወረድኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰው እሱ በመሆኑ።